የቀኝ ዓይኔና የአማቼ መኪና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በምን ሥራ ላይ እንዳለሁ ለሚጠይቀኝ ሰው «መኪና እሠራለሁ» ብዬ እመልሳለሁ። ጠያቂው እዚሁ ፍኖተ ሰላም ጋራዥ የከፈትሁ ይመስለውና በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቀኛል። ያን ጊዜ ወደ ቤቴ ይዤው እገባለሁ። ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ባለው መደርደሪያ የተሰለፉት መኪኖች ርዝመታቸው ከአንድ ስንዝር እምብዛም አያልፍም። ሁሉም የአሜሪካ ሥሪት፣ ሁሉም የድሮ ናቸው፤ ኮፋኗቸው ሰፊ፣ ፓራውልታቸው የሚያብረቀርቅ፣ የኋላቸው ጫፍና ጫፍ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሾለ።

በልጅነቴ እንዲህ ያሉ መኪኖች ቡሬ መገንጠያው ላይ ጎማ ሊያስለጥፉ ወይም ውኃ ሊጨምሩ ሲቆሙ አያቸው ነበር። አውቶቡስና የጭነት መኪና ብቻ ለለመደ ዓይን ያ ዝቅ ብሎ የተንጣለለ ነገር እንደ መኪና አይቆጠርም ነበር። ቀርቦ መንካት የማይታሰብ ስለነበር በዓይን ብቻ ነው የያዝኋቸው።

የሥራ ዘመኔ ያለፈው በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በመንገድና በድልድይ ንድፍ ላይ ነው። ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት ሁሉም ነገር በእጅ ይነደፍ ነበርና፣ መሥመርህ ጠሟል ተብሎ ሥራ የተመለሰብኝን ጊዜ አላስታውስም። ይህን የማነሣው ለመመካት ሳይሆን ቀጥሎ የምተርከው ያለዚህ ስለማይገባ ነው። ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። የመኪኖቹን ፎቶግራፍ ከስልክ ላይ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ እያየሁ በሚሊሜትር ወረቀት እነድፋቸዋለሁ፤ ልኬቱ አንድ ለሃያ አራት ነው። ቀጥሎ ከሽንዲ በኩል የሚመጣ፣ በደንብ የደረቀ ዋንዛ እመርጣለሁ፤ ዋንዛ ለቢላዋ ይታዘዛል፣ ቶሎም አይሰነጠቅም። ገላውን ከእሱ እጠርባለሁ። ፓራውልቱንና የጎኑን ጌጥ ከዘይት ቆርቆሮ እቆርጣለሁ፤ ጎማውን ካረጀ የካላማዳሪ ላስቲክ፣ መስተዋቱን ከውኃ ፕላስቲክ አወጣለሁ። ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ እንደገና ስቱኮ፣ እንጨትነቱ ጨርሶ እስኪረሳ ድረስ። ቀለም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እውነቱን ለመናገር ልቤ ያለው ቀለሙ ላይ ነው፤ ያለፈውን ድካም ሁሉ የምታገሠውም ለእሱ ስል ነው።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ቡሬ ይኖራሉ። በወጣትነታቸው የአንድ ባለሥልጣን ሾፌር ሆነው ከእነዚሁ የአሜሪካ መኪኖች አንዱን ነድተዋል። ኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል የሚጭን መኪና ሲነዱ ኖረው ሳለ፣ ስለዚያ ስለ ጭነቱ መኪና ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩት ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። በአማቾች መካከል እንደሚደረገው እኔና እሳቸው እስከ ዛሬ አንቱ እንባባላለን። አንዳችን የሌላችንን ምግብ፣ ልብስ፣ ፍርድ ወይም ሥራ ፊት ለፊት ነቅፈን አናውቅም፤ በአገራችን አማች ለአማቹ የሚያደርገው ጥንቃቄ እንዲህ ነው።

የዚያን መኪና አምሳያ ሠርቼ ልሰጣቸው ባሰብሁ ጊዜ ያላቸው ማስረጃ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነበር። ቀለሙን በቃል ነገሩኝ።

«ጣራው ነጭ ነው፤ እንከን የሌለው ነጭ። ገላው ሰማያዊ።»

«ምን ዓይነት ሰማያዊ ጋሼ?»

«ሰማይ ነዋ። በጥቅምት፣ ጠዋት፣ ደመና ሳይኖር።»

ቀለሙን ያዘጋጀሁት እዚያው ቡሬ፣ ባጃጅ ከሚቀባ አንድ ጎልማሳ ዘንድ ነው። ነጩን ከሰማያዊ እየቀላቀለ በእንጨት ያማስላል፣ እኔ ደግሞ ከበራፉ ላይ ቆሜ እፈርዳለሁ።

«ሰማያዊ ጨምርበት» አልሁት።

ጨመረ።

«አሁንም ወደ ቢጫ ያደላል፤ ጨምር።»

«ወደ ቢጫ?» አለና ቆርቆሮውን ዘንበል አድርጎ አየው። «ይኼ አይበቃውም ጋሼ?»

«አይበቃውም።»

«እሺ፣ እርስዎ ካሉ።»

ነጩንም እንዲሁ አደረግነው። ከቆርቆሮው የወጣው ነጭ ለእኔ እንደ ቆየ ቅቤ ስለታየኝ ሰማያዊ ጠብ አስደረግሁበት፤ ደግሜም አስደረግሁበት። ሰውየው ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ሽማግሌ የመንግሥት ሠራተኛ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

መኪናው አልቆ መደርደሪያው ላይ ሳለ የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጡ። ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ነገር አዙሮ መናገር ለእሳቸው እንደ መተንፈስ ነው። መኪናውን አንሥተው አገላበጡና የማንን እንደሚመስል ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ቀለሙ ሰማይ እንደሆነም ነገርኋቸው።

«ሰማይስ ሰማይ ነው» አሉ መልሰው እያስቀመጡት። «ሰዓቱ ነው እንጂ።»

«ሰዓቱ ምን ሆነ አባ?»

«ምንም አልሆነ። መሸት ብሏል።»

ባለቤቴ ሻይ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ እንደ ምስጋና ቆጠርሁት፤ ያማረ አነጋገር ስለነበር ለሌሎች ሰዎችም ደግሜ ነገርሁ። ጎረቤታችን የሆነው የድሮ የሒሳብ መምህርም አንድ ቀን መጥቶ «ይኼ ቀለም የትም አይገኝም» ብሎኝ ሄደ። እሱንም ከምስጋናው ጋር ደመርሁት።

አማቼ ስጦታውን የተቀበሉት በሁለት እጃቸው ነው። ጣታቸውን በኮፋኖው ላይ፣ ከዚያ በክንፎቹ ላይ ቀስ ብለው አሳለፉ። «ይኸው እሱ ራሱ ነው» አሉ፤ «እጅዎ ይባረክ።» ስለ ቀለሙ የተለየ ቃል አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅሁም።

ችግሩን ያወቅሁት በቀለም ሳይሆን በመሥመር ነው። ከእነዚህ መኪኖች ጎን ላይ ከፊት መብራቱ እስከ ኋላው ክንፍ የሚሄድ እንደ ክር የቀጠነ የብር መሥመር አለ። ያን መሥመር በአንድ ትንፋሽ ነው የምስበው፤ ከተቋረጠ ያስታውቃል። ባለፈው በጋ በጀመርሁት መኪና ላይ ብሩሹን ሳሳርፍ መሥመሩ ሁለት ሆኖ ታየኝ። አጠፋሁት። ደግሜ ሳልሁ፣ አሁንም ሁለት ነው። አምፖሉን ትልቅ በሆነ ቀየርሁ፤ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዛወርሁ፤ ብሩሹን ወቀስሁ። እኩለ ቀን ላይ ወደ ውጭ ስወጣ ብርሃኑ እንደ ጉም ይጋርደኝ ነበር። ይህንንም በጋው ደርቆ አቧራ ስለበዛ ነው ብዬ አለፍሁት።

ባለቤቴ አንድ ጠዋት ከአጠገቤ ቁጭ ብላ ሳጠፋና ስስል ብዙ አየችኝ።

«ዓይንህን ነው» አለች።

«ብሩሹ ነው።»

«ብሩሹ ትናንት በውኃው ፋንታ ማጠቢያ ቲነሩን አጠገብህ አስቀመጠ? አንተ ልትጠጣው ስትል የያዝሁህ እኔ ነኝ።»

ብሩሹን አስቀምጬ ተከትያት ወደ ሆስፒታል ሄድሁ።

በሆስፒታሉ የመረመረችኝ ወጣት ነርስ በሁለቱም ዓይኔ ላይ የሞራ ግርዶሽ እንዳለና የቀኙ ለቀዶ ጥገና እንደደረሰ ነገረችኝ። የዓይን ሐኪሞች በሚቀጥለው ወር ስለሚመጡ መዝግባኝ ልትሄድ ስትል «ቆዪ ልጄ» አልኋት። የምለካውም ሆነ የምነድፈው በቀኝ ዓይኔ ነው፤ ግራው ከድሮም አጃቢ ነበር። የቀኙ ቢበላሽ መደርደሪያው ላይ ያሉት መኪኖች የመጨረሻዎቹ ይሆናሉ። ደምበጫ የማውቀው ሰው የዓይኑን ሞራ በባህል መድኃኒት ሊያስነሣ ሄዶ ጨርሶ በዱላ ተመርቶ ተመልሷል። ያ ሌላ ነገር እንደሆነ አእምሮዬ ያውቃል፤ ሆዴ ግን አላወቀም። ስለዚህ ግራውን አስቀድማ ትመዝግብ እንደሆን ጠየቅኋት።

«የደረሰው ቀኙ ነው አባቴ።»

«አውቃለሁ። የምሠራበትም እሱ ነው።»

«በዚህ ዓይን ነው የሚሠሩት?» አለችና መብራቷን አጠፋች። እንደ መሣቅ ብላ፣ ግን ሳትሥቅ «እንዴት አድርገው?» አለችኝ።

ያን ወር እንዴት እንዳሳለፍሁት አላውቅም። የጀመርሁትን መኪና በጨርቅ ሸፍኜ አስቀመጥሁ። የተሠሩትን ግን በጣቴ እየዳበስሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት እችል እንደሆነ እሞክር ነበር። ባለቤቴ ይህን አይታ ከመደርደሪያው ላይ አቧራውን እየጠረገች ከቦታቸው ሳታዛውር መለሰቻቸው።

የቀዶ ጥገናው ዕለት መንገዱ ሰላም ነበርና ሐኪሞቹ በሰዓቱ ገቡ። ስለ ሥራው ብዙ የምለው የለኝም፤ መርፌውን ከተወጋሁ በኋላ የሰማሁት የሐኪሙን ድምፅና የመሣሪያ ኳኳታ ብቻ ነው። ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። «መኪና» አልሁት። «ትንሽ ቀርቶናል፤ ኮፋኖውን እየዘጋን ነው» አለኝ። በእንዲያ ያለ ሰዓት ቀልድ የሚችል ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም ብዬ ተጽናናሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻውን የፈታችልኝ ያችው ነርስ ነበረች። መጀመሪያ ያየሁት ጋወኗን ነው። ነጭ ነበር። ነጭ ምን እንደሚመስል ረስቼው እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ ከኋላዋ ያለውን በር አየሁ፤ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ተራ የሆስፒታል በር ነው፤ ዓይኔን ከእሱ ላይ ማንሣት አቃተኝ። «ይታይዎታል?» አለችኝ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ከተኛሁበት ሆኜ ከላይ እስከ ታች አነበብሁላት፤ ከታች በእስክሪብቶ የተጻፈውንም ጨምሬ። «በቃ፣ በቃ፣ ይታይዎታል» አለች። ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አስጠግታ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ ግን እንባ አልመጣልኝም። ብቻ በጣም ራበኝ።

ቤት ስንደርስ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄድሁ። ቀዩ መኪና ደህና ነበር። ጥቁሩም እንደዚያው። ሌሎቹን ሳይ ግን ማን እንደቀባቸው ለማወቅ ቸገረኝ። ነጭ ብዬ የቀባሁት ጣራ ሁሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰማያዊ ያልሁት ሁሉ ደግሞ የትምህርት ቤት ቀለም ሆኗል፤ ብዕር የሚነከርበት ያ ጥቁር ሰማያዊ። አረንጓዴ ያልሁት የትኛውም ቅጠል የማያውቀው ነገር ነው። ቀኝ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ በግራው፣ ገና ሞራ ባለበት፣ አየኋቸው፤ ሁሉም ወደ ትክክለኛ ቀለማቸው ተመለሱ። ግራዬን ሸፍኜ በቀኙ አየሁ፤ እንደገና ተበላሹ። ሞራው ሁሉን ቢጫ ሲያለብስብኝ እኔ ሰማያዊ ስጨምርበት እንደኖርሁ እንዲህ አድርጌ አረጋገጥሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?» አልሁ።

«ቆይቷል» አለች ባለቤቴ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርሁህ እንጂ። ‹ሲደርቅ ይፈዛል› አልኸኝ። ደረቀ። አልፈዘዘም። ከዚያ በኋላ ምን ልበል?»

«መምህሩም ያውቃል?»

«መንደሩ ያውቃል። አባም ያውቃሉ። እንዲያውም እሳቸው ነግረውሃል።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ስሜቴ ኀፍረት መሆን ነበረበት፤ ግን አልነበረም። ከእያንዳንዱ መኪና ጎን ላይ ያለውን የብር መሥመር በአዲሱ ዓይኔ ተከተልሁ፤ ከፊት መብራቱ እስከ ክንፉ፣ አንድ በአንድ። መሥመሮቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ። ቀለሙ የዓይኔ ስሕተት ነው፤ እጄ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ቦታውን አልለቀቀም። ቀለም ተፍቆ ይቀባል። ሣቅ የመጣብኝ ይህን ካረጋገጥሁ በኋላ ነው፤ ባለቤቴም ለረጅም ጊዜ አፍና ይዛው ኖሯል መሰለኝ፣ ከእኔ ብሳ ሣቀች።

የቀረኝ አንድ ጭንቀት አማቼ ነበሩ። የሚወዱትን መኪና በቀለም አበላሽቼ ሰጥቻቸው፣ እሳቸው በአማችነት ወግ ዝም ብለው ዕለት ዕለት ሲያዩት ኖረዋል ማለት ነው። ሐኪሙ መንገድ እንደፈቀደልኝ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ሄድሁ። መኪናው እንግዳ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ከሬዲዮው አጠገብ፣ በክብር ቦታ ላይ ነበር። በአዲሱ ዓይኔ ሳየው ከገመትሁት የባሰ ሆኖ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት መጥቼ ነው» አልኋቸው። «መኪናውን መልሼ ልውሰደውና ቀለሙን ላስተካክለው።»

«ምኑን?»

«ቀለሙን። ተሳስቻለሁ። ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ፤ እርስዎ በትዕግሥት ዝም አሉኝ እንጂ።»

አማቼ መኪናውን አነሡና ወደ መስኮቱ አስጠጉት። አገላበጡት። ፊታቸው ላይ ቅር ማለት ይታይ ነበር፤ ቅሬታው ግን በእኔ ላይ ነው።

«እኔ በምን ዝም እላለሁ?» አሉ። «ቀለሙ ልክ ነው። እሱ ራሱ ነው። ይኼን ቀለም አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ስወለውል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አሁን እርስዎ ሊያስተምሩኝ ነው?»

ወግ ለማድረስ የሚናገር ሰው እንዲህ አይቆጣም። ከልባቸው ነበር። ያን ጊዜ ፊታቸውን ልብ ብዬ አየሁት። መኪናውን ከዓይናቸው አጠገብ አድርሰው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ በጠርዝ በኩል ነበር የሚያዩት። እኔ ብሩሹን ስወቅስ የማየው እንዲያ ነበር።

«ጋሼ» አልሁ፣ «ቀትር ላይ ወደ ውጭ ሲወጡ ጉም ነገር ይጋርድዎታል?»

መኪናውን ቦታው ላይ አስቀመጡ።

«ለእህቴ እንዳይነግሯት» አሉ። ቀጥለውም፣ በር ላይ ማንም እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «ያማል?»

«አያምም።»

«እውነቱን ይንገሩኝ፤ አማች ነኝ ብለው አይሸንግሉኝ።»

«መርፌው ትንሽ ያማል። ከዚያ ወዲያ ወሬ ነው።»

መኪናውን አልወሰድሁትም። ቀለሙ ልክ እንዳልሆነ በቃል ማሳመን እንደማይቻል ከራሴ አውቄዋለሁ። ሐኪሞቹ ተመልሰው ሲመጡ እኔ ለግራው፣ እሳቸው ለሚብስባቸው ለቀኙ በአንድ ቀን ተሠራን፤ ጎን ለጎን ባሉ አልጋዎችም አደርን። እሳቸው ሌሊቱን እንዳልተኙ አውቃለሁ፤ እኔም አልተኛሁም፤ ግን ሁለታችንም የተኛን መስለን ለመነጋገር አልደፈርንም።

ፋሻቸው በተፈታ በሳምንቱ ቡሬ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ መኪናውን ይዘው ወደ በራፉ መጡ።

«ይኼን ማነው እንዲህ የቀባው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«እርስዎ?» መኪናውን በክንዳቸው ርዝመት ያህል አርቀው አዩት። «የሰው ንብረት እንዲህ ያደርጋሉ? በዚህስ ባለሥልጣን ቀርቶ በርበሬ አልጭንበትም።»

በዚያ ሁሉ የአማችነት ዘመን ፊት ለፊት ሲነቅፉኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ መግለጽ ይቸግረኛል። እሳቸውም አነጋገራቸው ራሳቸውን ያስደነገጣቸው መሰለኝ፣ «ይቅርታዎን» ብለው ጀመሩ፤ ሳይጨርሱት ሣቃቸው ቀደማቸው።

ወንበር አውጥተን ከበራፉ ላይ ተቀመጥን። እኔ ይዤ የመጣሁትን ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ነክሬ ቀለሙን መፋቅ ጀመርሁ፤ ሰማያዊው ውኃ በጣቶቼ መካከል እየወረደ መሬቱን ነካው። አማቼ ደግሞ ዓይናቸውን ከመንገዱ ላይ አልነቀሉም። የመኪናቸውን ሰማያዊ ፍለጋ ወደ መናኸሪያው የሚከንፉትን ባጃጆች አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር።

«ያኛው ይመስላል?» አልኋቸው፤ አንዱ ሲያልፍ።

«የለም፣ ይጠቁራል።»

«ያኛውስ?»

«እሱ ታጥቦ አያውቅም፤ በምን ይታወቃል?»

ከዚያ አንዲት ሴት ከገበያ የገዛችውን ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ስታልፍ አማቼ ክንዴን ያዙ። እኔም ቀና ብዬ አየሁ። ጀሪካኑ ሰማያዊና አዲስ ነበር፤ ፀሐይ አርፎበታል።

«ይኸውልዎ» አሉ። «የእኛው ግን ከዚያ ጥቂት ፈዘዝ ይላል። ይታይዎታል አይደል?»

«ይታየኛል ጋሼ» አልሁ።